የሞባይል ኩባንያዎች ከተጠያቂነት ነፃ ሊሆኑ አይገባም

ሞባይል ስልክ ለገጠሩ ሕዝብ ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአገልግሎቱ ትርፍ የሚያገኝ ኩባንያ ከኃላፊነቱ ሊሸሽ አይገባውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ የሬዲዮ ሞገዱ የፌዴራሉን መመዘኛ እስካሟላ ድረስ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች የሞገዱን ጉዳት ሰበብ አድርገው የአንቴና ማማ እንዳይከለክሉ ይደነግጋል። በ2010 ደግሞ በፊላደልፊያ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሞባይል ያለ ጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ለጤና ያሰጋል በሚል የቀረበውን ክስ፣ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ጋር ይጋጫል ሲል ውድቅ አድርጓል። በ2021 ግን በዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ኮሚሽኑ የ1996ቱን መመዘኛ ሳይለውጥ ያቆየው ከካንሰር ውጭ ስላሉ ጉዳቶች በቂ ማብራሪያ ሳይሰጥ ነው ሲል ወስኗል።

ፍርድ ቤቱ ሞባይል ጎጂ ነው አላለም፤ እኛም አንልም። የምንለው፣ መመዘኛው ራሱ ጥያቄ ተነሥቶበት ሳለ፣ ተጎዳሁ በሚል ሰው ላይ የፍርድ ቤት ደጅ ሊዘጋበት አይገባም ነው። የማይበቅል ዘር የሸጠ ነጋዴ ይጠየቃል፤ በእርሻ ዳር ማማ የተከለውስ ስለምን አይጠየቅም?

ስለሆነም በአሜሪካ የሚኖሩ መራጭ ወገኖቻችን፣ ኩባንያዎችን ከተጠያቂነት ነፃ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ በቀረበ ቁጥር፣ ለኮንግረስ ተወካዮቻቸው በደብዳቤም በስልክም ተቃውሟቸውን ማሰማት ይኖርባቸዋል። ንጹሕ ነኝ የሚል ዳኛ አይፈራም።