ያገለገለ ቡልዶዘር ሲገዛ ከቀለሙ ይልቅ እግሩ ይታይ

ኮምቦልቻ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈውና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ኮምቦልቻ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መሥመር ሲገነቡ ብዙ የአፈር ሥራ መሣሪያዎች ደክመው የሠሩባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ መሣሪያዎቹ ኮረብታ ሲንዱ አይቷል። በመሆኑም መንገድ ለመጥረግ ወይም የውሃ ማቆሪያ ለመቆፈር የሚሻ ማኅበር የራሱ ቡልዶዘር እንዲኖረው ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጊዜው ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ ሲወደድ ዓይን ሁሉ ወደ አሮጌው ያዘነብላል። ነገር ግን የአሮጌው መለዋወጫም የሚመጣው ከውጭ ነው። ስለሆነም በግዢ ጊዜ የተገኘው ቅናሽ በጥገና ወጪ ሊዋጥ እንደሚችል ሊጤን ይገባል።

በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሸሆናውን ይመረምራል፤ ጠምዶም ይሞክረዋል። ለቡልዶዘርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በሰንሰለት የሚሄድ መሣሪያ በዕድሜው ከሚጠይቀው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ለእግሩ፣ ማለትም ለሰንሰለቱ፣ ለሮለሮቹና ለመዘውሩ የሚወጣ ነው። በተለይ ድንጋያማ መሬት ላይ የሠራ መሣሪያ ቶሎ ያልቃል። የመዘውሩ ጥርስ እንደ ጦር ከሾለ፣ የጫማው ጥርስ አልቆ ከለሰለሰ፣ ሮለሮቹ ዘይት ካንጠባጠቡ እግሩ አርጅቷል ማለት ነው። የተወጠረ ሰንሰለት የግድ አዲስ አይደለም፤ ያረጀውም ለዕይታ ሊወጠር ይችላል። ስለዚህ አራት የሰንሰለት ዓይኖች በሜትር ተለክተው ርዝመታቸው ፋብሪካው ከሰጠው ልክ ጋር ይነጻጸር። አዲስ ቀለምና አነስተኛ የሰዓት ቆጣሪ ንባብም ማስረጃ አይሆኑም። ቆጣሪው ሊቀየር ይችላል፤ የተበላ የፍሬን ፔዳልና የተቀደደ ወንበር ግን አይዋሹም።

ሞተሩ መታየት ያለበት ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት፣ ማለዳ ነው። ገዢዎች ሲደርሱ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ይስተዋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ መግባቱን ወይም ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን ይጠቁማል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ቀን እውነተኛ አፈር ይግፋ። ካምቢዮው ወደፊትና ወደኋላ ሲገባ ሳይዘገይ መያዙ፣ በግራና በቀኝ እኩል መታጠፉ፣ ከፍ ተደርጎ የቆመው ምላጭ በራሱ አለመውረዱ፣ ምላጩን የሚሸከመው ብረት አለመሰንጠቁና የብየዳ ጥገና የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ በቦርከና ሜዳ በቂ የመሰለው በኩታበር ተራራ ላይ ሊያንስ ይችላል።

ሰነዱም እንደ ሞተሩ ሁሉ ይመርመር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ኮምቦልቻና ደሴ በተያዙበት ወቅት የብዙዎች ንብረት መዘረፉ ይታወሳል። ስለዚህ በሞተሩና በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬውና ከጉምሩክ ሰነዱ ጋር መመሳሰሉ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሳይጣራ ቀብድ አይከፈል።

ከሁሉ በፊት ግን ማኅበሩ ሥራውን ይቁጠር። ከመስከረም እስከ ግንቦት ስንት ቀን ይሠራል? ክረምት ሲገባስ የት ይቆማል? ኦፕሬተሩን ማን ይቀጥራል? ከቀበሌ ቀበሌ በሎቤድ ማጓጓዣው ስንት ይፈጃል? ሥራው በዓመት የጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነ መከራየት ይበጃል፤ አለዚያ ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጨረሻው ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ መርምሮ ያገኘውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብም ከዋጋው ተለይቶ ይያዝ። ይህ ሁሉ በጉባኤው ፊት ከተነበበ በኋላ ድምፅ ቢሰጥበት የመሪውም ስም የአባላቱም ገንዘብ ይጠበቃል። መሣሪያው ቢቆም ጉዳቱ የአንድ ሰው ሳይሆን መዋጮ የከፈለው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ነውና።