መጎተትና መግታት፤ ስለ ፒካፕ መኪናና ስለ ተሳቢዋ

ገበሬ በሬ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲወርድ ጫንቃውን ዳስሶ፥ ጥርሱን አይቶ፥ ሰኮናውን መርምሮ ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ጠባዩንም ይጠይቃል። ጉልበቱ ብርቱ ሆኖ «ቁም» ሲሉት የማይቆም በሬ ለባለቤቱ ሀብት ሳይሆን ዕዳ መሆኑን ያውቃልና። ተሳቢ የምትጎትት ፒካፕ መኪና የሚገዛ አባወራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ጉልበቷን ብቻ ነው። «ስንት ትጎትታለች?» ይላል፤ «ስንቱን ትገታለች?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ልንነጋገርበት የፈቀድነው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ፥ በዴንቨር ከተማና በአካባቢዋ፥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በዚያ አገር ፒካፕ ከነተሳቢዋ የብዙ ሰው እንጀራ ናት፤ የቤት ዕቃ አጓጓዡ፥ ግንበኛው፥ የግቢ ሣርና ዛፍ የሚያስተካክለው ሁሉ በእርስዋ ያድራል። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ታላቁ አውራ ጎዳና ግን ተራራውን እየወጣ በ1973 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ተከፈተው ወደ አይዘንሐወር የተራራ ውስጥ መተላለፊያ ይደርሳል፤ ከፍታውም 3,401 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በየመቶው ሜትር እስከ 7 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በመኪና የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

በዚሁ ጎዳና፥ መንገዱ ከተራራው ወርዶ ወደ ዴንቨር በሚቃረብበት በሌክውድ፥ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በሚያዝያ ወር ፍሬን አልይዝ ያለው አንድ የጭነት መኪና ቆመው ተራ በሚጠብቁ መኪናዎች ላይ ወጥቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ያ መኪና ትልቅ ነበር እንጂ ፒካፕ አልነበረም። ነገር ግን ቁልቁለት የትልቁንም የትንሹንም ሸክም በአንድ ሕግ ያወርዳል፤ የሞቱትም ሰዎች ከጭነቱ ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው መንገደኞች ነበሩ። ስለዚህ የፒካፕ ባለቤትነት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም እንላለን።

የመጀመሪያው ነገር ሒሳብ ነው። ሻጩ «4,000 ኪሎ ግራም ትጎትታለች» ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ ሙሉውን ግን አልተናገረም። በአሜሪካ በሚሸጥ ፒካፕ በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት አለ፤ በእርሱም ላይ የሰዎቹና የጭነቱ ክብደት በአንድነት ሊያልፈው የማይገባው ልክ ተጽፏል። ለምሳሌ ልኩ 680 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ተሳቢው ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም ቢመዝን፥ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 12 ያህሉ በአንገቱ በኩል በመኪናዪቱ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ይህም 360 ኪሎ ግራም ነው። አባትና እናት ከሦስት ልጆች ጋር 300 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፥ መጎተቻው ብረትና የሥራው መሣሪያ 60 ቢመዝኑ፥ ድምሩ 720 ኪሎ ግራም ይሆናል። እንግዲህ 4,000 ትጎትታለች የተባለችው መኪና በ3,000 ብቻ ከልኳ በ40 ኪሎ ግራም አለፈች ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጃችን ሊደምረው ይችላል። ለልጆች ከመጽሐፍ ውጭ ያለ የሒሳብ ትምህርት ከተፈለገም ከዚህ የተሻለ አናገኝም። በግምት ከመሄድ ይልቅም መኪናዪቱን ከነተሳቢዋ አንድ ጊዜ በሚዛን ላይ አውጥቶ ትክክለኛውን ማወቅ ይበልጣል።

ሁለተኛው የጭነቱ አቀማመጥ ነው። በአንገቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው የተሳቢው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 መሆን ይገባዋል። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ተጭኖ አንገቱ ከቀለለ፥ ተሳቢው ፍጥነት በጨመረ ጊዜ እንደ እባብ ጅራት ግራና ቀኝ ይወናጨፋል፤ መኪናዪቱንም ይዞ ሊገለብጣት ይችላል። እንግዲህ ከባዱ ከመንኰራኵሩ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ፥ ሁሉም በገመድ ጠብቆ ይታሰር። መወናጨፍ ከጀመረ ደግሞ ነጂው ደንግጦ የመኪናዪቱን ፍሬን አጥብቆ አይርገጥ፥ መሪውንም አያወናብድ፥ ነዳጅም አይጨምር። እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ያንሣ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ የተሳቢው ፍሬን ብቻውን የሚሠራበት የእጅ መቆጣጠሪያ ካለም እርሱን በዝግታ ይጠቀም።

ሦስተኛው ማያያዣው ነው። ተሳቢው የሚቀመጥበት የብረት ኳስ መጠኑ ልዩ ልዩ ነው። ባለ 2 ኢንች ኳስ ለ2 ከ5/16 ኢንች በተሠራ አፍ ውስጥ ቢገባ የያዘ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ሊዘል ይችላል። በኳሱና በአፉ ላይ ቁጥሩ ስለሚጻፍ ሁለቱን ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከተቆለፈም በኋላ የተሳቢውን ማንሻ ጥቂት ዞር አድርጎ የመኪናዪቱ ጀርባ አብሮ ከፍ ማለቱን ማየት ይገባል፤ አብሮ ካልተነሣ አልያዘም። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከአንገቱ በታች ተመሳቅለው ይታሰራሉ፤ ማያያዣው ቢለቅ አንገቱ በእነርሱ ላይ ያርፋል እንጂ መሬቱን አይወጋም። ተሳቢው ጨርሶ ቢበጠስ የገዛ ራሱን ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርገው ቀጭን ሽቦ ደግሞ በራሱ ቦታ ከመኪናዪቱ ጋር ይታሰር እንጂ በሰንሰለቱ ላይ አይንጠልጠል። ይህን የሚያሠራው ትንሽ ባትሪም ባዶ ከሆነ ሽቦው ለጌጥ እንደ ተሰቀለ ይቈጠራል።

አራተኛውና ዋነኛው ፍሬን ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ሕግ መሠረት 3,000 ፓውንድ፥ ማለት 1,360 ኪሎ ግራም ያህል፥ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እንይ። መኪናና ተሳቢ ከነጭነታቸው 5,500 ኪሎ ግራም ሆነው ከ700 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፥ በቁልቁለቱ ላይ የሚወጣው ኃይል ከመቶ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ሞተሩ ሊይዘው ይችላል፤ የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ሸራና ብረት ላይ ሙቀት ሆኖ ያድራል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ይጨመቃልና የነጂው እግር እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናዪቱ ግን አትቆምም። ዘይቱ በዓይን ሲታይ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ጎድሎ ሳይሆን አርጅቶ ነው የከዳው። ስለዚህ የመኪናዪቱ መጽሐፍ በወሰነው ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት፥ ዘይቱ መለወጥ አለበት።

አወራረዱም ጥበብ አለው። ነጂው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነቱን ቀንሶ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባ፤ መካከል ላይ ደርሶ መፈለግ ዘግይቶ መፈለግ ነው። ማርሽዋ ራስዋ የምትቀያየር መኪና እንኳ ቢሆን ለመጎተት የተሠራውን ሥርዓት የሚያስገባ ቁልፍ ካላት እርሱን ይጫን። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ይያዝ፥ ይልቀቅም፤ በመልቀቁ ጊዜ ብረቱ ይቀዘቅዛል። ቁልቁለቱን ሁሉ እግርን በፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ግን ፍሬኑን ማቃጠል ነው። ከመንገድ በፊትም በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄዱ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ለይቶ መሞከር መልካም ልማድ ነው።

ስለ ጥገና ደግሞ አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ይበቃን ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩን እንጻፍ። የተሳቢው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ሳያልቅ በእርጅና ይሞታል፤ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋልና። በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ መልኩ ቢያምርም አይታመንም። ነፋሱም ጎማው ሳይሞቅ፥ ከጕዞ በፊት ይለካ። የመንኰራኵሩ ኩሽኔታ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ19,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተፈትቶ፥ ታጥቦ፥ አዲስ ግራሶ ይሞላ። ጎማ ከተፈታና ከተመለሰ በኋላ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ተሄደ ብሎኖቹ እንደ ገና በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቁ። ተሳቢ የምትጎትት መኪና ሞተሯም ካምቢዮዋም ይግላሉና የዘይት መለወጫ ጊዜዋ እንደ ሌላዪቱ አይቈጠርም፤ በመጽሐፍዋ ውስጥ ለከባድ ሥራ የተመደበውን አጭሩን ጊዜ መከተል ይገባል። የፍሬንና የፍሬቻ መብራቶችም በየጕዞው፥ አንዱ ከኋላ ቆሞ ሌላው እየረገጠ፥ ይፈተሹ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህም እኛ የምንመክረው ወጪው ከመኪናዪቱ ዋጋ ጋር አብሮ ከመጀመሪያው እንዲታሰብ ነው። ባልና ሚስት ብድሩን ከመፈረማቸው በፊት የወር ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የጎማውን፥ የዘይቱን፥ የፍሬን ሸራውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከገቢው ላይ ይህን ከቀነሱ በኋላ የሚተርፍ ከሌለ ትንሽ መኪና ገዝቶ በትንሹ መሥራት ወይም ለየሥራው መከራየት ይሻላል። ከገዙም በኋላ አንድ ደብተር ይኑራቸው፤ ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ ጎማው የተሠራበት ዓመት፥ የተሳቢው ክብደት በእርሱ ይጻፍ። ደብተሩንም ሚስት እንደ ባልዋ ታንብበው፤ ብዙ ቤት ስሌቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፥ ያ ሰው ደክሞት የረሳው ነገር አስታዋሽ አያገኝም።

ጎረቤት ተሳቢ ሲዋስም ይሉኝታ አይግዛን። በጎረቤቱ መኪና ላይ ኳሱ ልክ መሆኑን፥ መብራቱ መሥራቱን፥ የተሳቢውን ፍሬን የሚያዝ መሣሪያ መኖሩን ሳናይ ሰጥተን መሸኘት ቸርነት አይባልም። «አልሰጥህም» ማለት ያሳፍራል፤ «አብረን እንየው» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚፈትነው የምሽት ሥራ ነው። ዕቃው ተጭኖ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል፤ ደንበኛው «ይህቺንም ጨምራት፥ ሁለተኛ ከመመላለስ» ይላል፤ ልጆችም በቤት ይጠብቃሉ። በዚያች ሰዓት ነጂው በሩን ከፍቶ ያን ትንሽ ወረቀት ደግሞ ይመልከት። ሁለት ጊዜ መመላለስ የአንድ ምሽት እንቅልፍና ጥቂት ነዳጅ ያስከፍላል። ከልክ አልፎ ተጭኖ ቁልቁለት ላይ የደረሰ ሰው ግን የሚከፍለውን ዋጋ ራሱ አይመርጥም፤ ከፊቱ ቆመው ተራ የሚጠብቁትም አልመረጡም።