የዩኒቨርሲቲ ስም ሐኪም አያፈራም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፤ «የት ሞላ?» ልጁ ሕክምና የሚመኝ ከሆነ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጎንደር አንደኛ ይሞላል፣ ወሎ ወደ ታች ይወርዳል። ለምን ሲባል አባትም፣ አጎትም፣ መምህርም «ጎንደር ስም አለው» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው ለሕክምና ስንት ተማሪ እንደሚቀበል፣ የአንደኛ ዓመት ፉክክሩ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ልጁ በየትኛው ሆስፒታል ምን ዓይነት ሕሙማን እያየ እንደሚሠለጥን የሚጠይቅ ብዙም የለም። ይህ ልማድ የዋግ ኽምራን ጎበዝ ልጆች እየጎዳ ነው፤ መቅረት አለበት።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም እስከ መሙላት የደረሰ ተማሪ ስንቱን አልፎ እንደመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። የዋግ ልጅ በዚህ ወንፊት ያለፈው በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ወገኖቹ ሰቆጣ ተጠልለው እያየ ነው። እንዲህ የተገኘ ውጤት በወሬ ሊመነዘር አይገባም።

ብዙ ወላጅ ያላስተዋለው ዋናው ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ መመደብና ሕክምና መግባት ሁለት የተለያዩ በሮች ሆነዋል። ተማሪው ጎንደርም ይድረሰው ወሎ፣ ሲገባ የሕክምና ተማሪ አይደለም። ፍሬሽማን ነው። ሕክምና የሚገባው ዓመቱን ተምሮ፣ ውጤቱ ከ12ኛ ክፍል ፈተናው ጋር ተዳምሮ፣ እዚያው ግቢ ካሉት ጋር ተወዳድሮ ነው። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየአቅጣጫው ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን፣ ሕክምናን ብቻ አስበው የመጡ ተማሪዎችን ይሰበስባል። በአንዱ ግቢ ሕክምና የሚያስገባ ነጥብ በሌላው ላያስገባ ይችላል። እንግዲህ «ስም አለው» ተብሎ የተመረጠው ግቢ ልጁን ሐኪም የመሆን ዕድሉን ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። የመረጡለት ዘመዶች ይህን ሳይነግሩት ነው የሚሸኙት።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በራሱ በስም አይለያይም። ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ እንግሊዝኛው በአገር አቀፍ ደረጃ የወጣ የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከአነስተኛ ከተማ የመጣን ተማሪ የሚያግዘው በክፍሉ ያለው የተማሪ ብዛት፣ መምህሩን የማግኘት ዕድሉ፣ ቤተ ሙከራውና የሚያግዙት ታላላቆቹ ናቸው። እነዚህን ነገሮች የሚያውቃቸው እዚያ እየተማረ ያለ የአገር ልጅ ነው። አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከአሥር የዘመድ ምክር ይበልጣል።

ለመሆኑ የጎንደር ስም ከየት መጣ? በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የተነሣው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ያሠለጠናቸው ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን እየሆኑ ወደ ገጠር ወረዱ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተጨመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ስሙን ያስገኘው ገጠር ወርዶ ድሀውን ማከም ነበር። ዛሬ ያንን ስም የሚያነሣ ወላጅ ግን ስለዚያ ሥራ አይጠይቅም፤ ልጁም በስሙ እንጂ በሥራው እንዲኮራ አልተማረም።

በጎንደር በኩል የሚነሣው ክርክር ባዶ አይደለም። የረጅም ዘመን ልምድ፣ ብዙ ስፔሻሊስት ሐኪሞች፣ ሰፊ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎም ተለይቷል። ሕክምና እንደሚገባ በውጤቱ የሚተማመን፣ የገንዘብ አቅም ያለው ተማሪ ቢመርጠው ትክክል ነው። ስሕተቱ ይህን ለሁሉም ልጅ ማዘዝ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሕክምና ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ የሚሠለጥኑበት የደሴ ሆስፒታል ከወሎና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጣ ሕመምተኛ የሚጎርፍበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዩኒቨርሲቲውም ሆስፒታሉም ተዘርፈው ነበር። ስለዚህ ተማሪው ምን እንደተተካ፣ ምን እንደጎደለ አጣርቶ መወሰን አለበት። ማጣራቱ ለሁለቱም ግቢዎች ይሠራል።

መንገዱም ይታሰብ። ከሰቆጣ ተነሥቶ ደሴ በወልድያ በኩል ይደረሳል፤ ጎንደር ለመድረስ ጋሸናን፣ ደብረ ታቦርንና ወረታን ማለፍ ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ። መንግሥት በወጪ መጋራት ማደሪያና ምግብ ቢያቀርብም የመጓጓዣውና የኪስ ገንዘቡ ከደሃናና ከጋዝጊብላ ገበሬ ጓዳ ነው የሚወጣው። ሕክምና ከስድስት ዓመት የማያንስ ጉዞ ስለሆነ ይህ ወጪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ አያበቃም።

በመጨረሻም ሚዛኑ አንድ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። ከየትም ይመረቅ፣ ሐኪሙ የሚቀመጠው ለዚሁ ፈተና ነው። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ደጃፍ ልጇን አዝላ የምትቆም እናትም የሐኪሙን ዲፕሎማ አትጠይቅም፤ ሕፃኑን እንዲያድንላትና ከተቻለም በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና እንዲያነጋግራት ትፈልጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከገጠር የተገኘ ተማሪ ተመርቆ ገጠር የመሥራት ዕድሉ የበለጠ መሆኑን ገልጾ፣ አገሮች እነዚህን ተማሪዎች እንዲቀበሉ መክሯል። ስለዚህ ለዋግ የሚጠቅመው ልጁ የገነነ ግቢ መግባቱ ሳይሆን የሕክምናውን በር አልፎ መመረቁ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር የምርጫ ፎርሙን ሲያወጣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ባለፈው ዓመት ስንት ፍሬሽማን እንደተቀበለ፣ ስንቱ ሕክምና እንደጠየቀና ስንቱ እንደገባ፣ የመጨረሻው ነጥብ ስንት እንደነበር፣ ከምሩቃኑ ስንቱ የብቃት ምዘናውን እንዳለፈ አብሮ ያሳትም። የዋግ ኽምራ ትምህርት መምሪያ ይህን ለየትምህርት ቤቱ ያድርስ፤ በሁለቱም ግቢዎች የሚማሩ የአካባቢው ልጆች ክረምት ሲመጡ ለተፈታኞች ያለውን እውነት ይንገሩ። ወላጆችም ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት።