የሞት ቁጥር የግብ ቁጥር አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፤

የአንባብያን ደብዳቤ በሚወጣበት ዓምድ ውስጥ ለዚህች አስተያየቴ ጥቂት ቦታ እንዲሰጣት በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በዕድሜ ወጣት፣ በትምህርትም ገና ጀማሪ የሆንሁ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ሆንሁ ታላላቆቼን ላስተምር ብዬ አልተነሣሁም። ነገር ግን የራሴን ጥፋት ብናገር ሌላው ይጠነቀቅበት ይሆናል በማለት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሠቱን ጤና ሚኒስቴር ባስታወቀ ሰሞን፣ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ይመለከት የነበረውን ጓደኛውን «ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ሲል ጠየቀው። ያም ቁጥሩን ነገረው። ጠያቂው «ኧረ ገና ነው!» አለና ወዲያው ወደ እንግሊዝ የእግር ኳስ ወሬው ተመለሰ። ከተቀመጥነው ውስጥ ማንም የደነገጠ የለም። እኔ ግን በኀፍረት ፊቴ ጋለ። ይህንኑ አነጋገር በ2012 ዓ.ም. እኔ ራሴ ስናገረው የነበረ ነውና።

በዚያ ዓመት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የምንኖረውም እዚሁ አፍንጮ በር ነው። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግረው ከፒያሳ ጋዜጣ ገዝተው ሲመለሱ፣ የፊቱን ገጽ እርሳቸው፣ የስፖርቱን ገጽ እኔ እንካፈል ነበር። አንድ ደብተር ነበረኝ። በማስመሪያ ከፋፍዬ የክለቦቹን ስም፣ የተጫወቱትን፣ ያሸነፉትን፣ አቻ የወጡትን፣ የተሸነፉትንና ያገኙትን ነጥብ እጽፍበት ነበር። መሪውን በቀይ እስክሪብቶ፣ የቀረውን በሰማያዊ እጽፋለሁ። ከወራጆቹ በላይ ደግሞ ወፍራም መስመር አሰምራለሁ። አባቴ ደብተሩን አገላብጠው ያዩና «አንተስ ለመዝገብ ቤት የተፈጠርህ ነህ» እያሉ ይስቁ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ቫይረስ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መቋረጡ ታወቀ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 15 ቀን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉን ሰማን። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ውድድር ያለ አሸናፊና ያለ ወራጅ እንዲሰረዝ ወሰነ። የስፖርት ወሬ እንደ ክረምት ምንጭ ይፈስስ የነበረው በአንድ ወር ውስጥ ደረቀ። ጥቂት ቀን የቤላሩስን ሊግ ውጤት እየፈለግሁ ጻፍሁ፤ በአውሮፓ ውድድሩን ያላቋረጠው እርሱ ነበርና። ነገር ግን ስማቸውን እንኳ አስተካክዬ መጥራት የማልችላቸው ክለቦች አላጠገቡኝም።

እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። በዚያው ደብተር፣ በዚያው መስመር ላይ፣ በክለቦቹ ፈንታ የአገሮችን ስም መጻፍ ጀመርሁ። ኢጣልያ፣ እስፓኝ፣ አሜሪካ፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያ። «ያሸነፈ» በነበረበት «ያገገመ»፣ «የተሸነፈ» በነበረበት «የሞተ» ብዬ ጻፍሁ። ማታ ማታ ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰው ተመርምሮ ይህን ያህሉ ቫይረሱ ተገኘበት የሚለው የጤና ሚኒስቴር መግለጫ ሲነገር፣ እርሳሴን ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጥ ነበር። አንድ አገር ሌላውን በሞት ብዛት በለጠ ሲባል ደረጃውን አስተካክላለሁ፤ መሪውንም በቀይ እጽፋለሁ። አገራችን ከታች በመሆኗም ቡድኔ ያሸነፈ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ይህም አልበቃን ብሎ፣ የሰፈራችን ልጆች በነገው ቁጥር ላይ እንወራረድ ጀመር። «ነገ ከመቶ ያልፋል፤ አያልፍም» ተባብለን፣ የተሸነፈው ለስላሳ እንዲገዛ ተስማማን። ውርርዱን የምንጨርሰው በአንድ አነስተኛ ሱቅ በር ላይ ነበር። ባለ ሱቁ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሬዲዮናቸው የኳስ ጨዋታ ያሰሙን እርሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የተሸነፈው ልጅ ለስላሳውን ሊገዛ ብሩን ሲዘረጋ፣ ጋሼ በምን እንደ ተወራረድን ጠየቁ። በነገርናቸው ጊዜ ብሩን መለሱለትና፣ «በዚህ ነገር የተበላ ለስላሳ ከእኔ ሱቅ አይወጣም። ሂዱ፤ እናቶቻችሁን አግዙ» አሉን። እኛም እየሳቅን ሄድን። ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል እንደሚባለው ነው።

በዚያው ወራት ነገሩን በዓይናችን የምናይበት ስፍራ ሩቅ አልነበረም። ከአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቶ ጥቂት ከሄዱ ጃን ሜዳ ነው። ኳስ የምንጫወተው፣ ሯጮችም ሲለማመዱ የምናየው በዚያ ነበር። የፒያሳው አትክልት ተራ ሕዝብ እንዳይጨናነቅበት ተብሎ ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ቲማቲም የሚሸጡ እናቶች በዝናብ እየተደበደቡ፣ ተሸካሚዎች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ እየሰጠሙ ሲውሉ አይቻለሁ። በሽታውን ፈርተው ቤታቸው መቀመጥ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ቀን ካልሠሩ የሚያድሩት ጦማቸውን ነውና። ከእነዚህ አንዱም በእኔ ደብተር ውስጥ አልነበረም። ለእነርሱ የሚሆን መስመር አላሰመርሁም።

በነሐሴ ወር ጋሼ ታመሙ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ በኋላም መተንፈስ ሲያቅታቸው አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። ከሳምንት በኋላ ማረፋቸው ተነገረ። እንደ ወጉ ድንኳን ተጥሎ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ፣ ሰፈርተኛው ሦስት ቀን ተቀምጦ አላለቀሰላቸውም። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀበሯቸው፤ ልጆቻቸውም ራቅ ብለው ቆመው አዩ። ሱቁ እንደ ተዘጋ ከረመ።

በዚያ ማታ እንደ ልማዴ እርሳሴን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ተነገረ። ከተነገረው ቁጥር ውስጥ አንዱ ጋሼ እንደ ሆኑ ዐወቅሁ፤ ወይም በማግሥቱ ይቈጠሩ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆኑ ግን ከቁጥሩ ለይቶ ማወቅ አልተቻለኝም። እጄም አልታዘዝልኝ አለ። አባቴ ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ፋይል ጠብቄአለሁ። ቁጥር የሰጠሁት ፋይሉን ፈልጌ ለማግኘት እንጂ ሰውየውን ለመርሳት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደብተር አልጻፍሁበትም።

አሁን በኮሌጅ ስለ አኀዝ አሠራር ጥቂት በመማሬ፣ ያ ሠንጠረዥ በልብ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ስሕተት እንደ ነበረ ተረድቻለሁ። በኳስ ሜዳ የገባ ግብ ዳኛውና ተመልካቹ እያዩት ይቈጠራል። በበሽታ ጊዜ ግን የሚቈጠረው የተመረመረ ሰው ብቻ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአገራችን ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ሲካሄድ የታማሚው ቁጥር ከፍ ብሎ የታየው አንደኛው ምክንያት ብዙ ሰው በመመርመሩ ነበር። ጥቂት የመረመረና ብዙ የመረመረ አገር በአንድ ሠንጠረዥ ተሰልፈው ይህ በለጠ፣ ያ አነሰ ሊባሉ አይችሉም። ከታች በመሆናችን የተደሰትሁት ደስታ መሠረት አልነበረውም። በአገራችን በዚህ በሽታ ምክንያት መሞታቸው በምርመራ ታውቆ የተመዘገቡት ብቻ ከ7 ሺህ 500 ይበልጣሉ። ሳይመረመር የሞተውን ማን ቈጠረው?

በዚህ አነጋገሬ ስፖርትን የምጠላ እንዳልመስል እፈራለሁ። በዚያ ጨለማ ጊዜ የስፖርት ዜና ብዙ ሰው አጽናንቷል። መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሹራ ቂጣታ ተመልካች በሌለበት የለንደን ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ሦስት ቀን ቈይቶም መስከረም 27 ቀን ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ 5 ሺህ ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰኮንድ ስትፈጽም፣ በቤታችን እልል ተብሏል። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በኦስሎ ያስመዘገበችው 14 ደቂቃ ከ11.15 ሰኮንድ ነበር። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰሎሞን ባረጋ በቶኪዮ ባዶ ስታዲየም ውስጥ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ሲያገኝ አባቴና እኔ ተቃቅፈናል።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በሩጫ የሰኮንድ መቶኛ እንኳ ባለቤት አለው። 14 ደቂቃ ከ06.62 ሲባል የማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ያቺ ልጅ የት እንደ ተወለደች፣ እንዴት እንደ ደከመች ይጻፍላታል። በእኔ ደብተር የተጻፈው የሞት ቁጥር ግን ባለቤት አልነበረውም። የስፖርቱን አጻጻፍ ወደ በሽታው ስናዛውረው፣ መልካሙን ማለት የቁጥሩን ባለቤት ትተን፣ ፉክክሩን ብቻ ይዘን ሄድን።

«ታዲያ የታማሚና የሟች ስም በጋዜጣ ይውጣ ነው የምትለን?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። የታማሚ ምስጢር መጠበቅ አለበት። በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡ የታመመበት ሰው በጎረቤት ሲሸሽ፣ ቤቱም በጣት ሲጠቈም አይተናል። የምለው ስም ባይጠራም፣ ቁጥሩ ሲነገርና ሲሰማ ባለቤት እንዳለው ይታወቅ ነው።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብለው የጠሩት ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ በየቀኑ ቁጥር የሚነግራቸው ቴሌቪዥን አልነበራቸውም። ሆኖም እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን እያልን ቈሻሻ ሰብስበን እናጤሳለን። ከመቶ ዓመት በላይ ያልተረሳው ሐዘኑና ከሐዘኑ የተገኘው የጽዳት ትምህርት ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ አኀዝ እያወቅን፣ ስንቶቻችን ነን የኮሮናን ጊዜ አስበን ዛሬ እጃችንን የምንታጠብ?

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ወደ ፊት ወረርሽኝ ሲነሣ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ የተያዘው ቁጥር ሲነገር የተመረመረው ቁጥርና ሰው ማድረግ የሚገባው ጥንቃቄ ዘወትር አብረው ይነገሩ፤ አገርን ከአገር እንደ ክለብ ማሰለፍም ይቅር። ሁለተኛ፣ እኛ ወጣቶች «ስንት ደረሰ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት በሰፈራችን የታመመ፣ ሥራ የፈታ፣ ጧሪ የሌለው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ሦስተኛውን የማቀርበው ለመንግሥት ሠራተኞች ታላላቆቼ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በየጠረጴዛችሁ የሚያልፈው ሪፖርት በቁጥር የተሞላ ነው። ይህን ያህል የታመመ፣ ይህን ያህል የተፈናቀለ፣ ይህን ያህል ርዳታ የሚጠብቅ ይላል። በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ወደ በላይ ይላካል። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ፣ ከቁጥሩ አንዱ የሱቃችሁ ጋሼ ሊሆን እንደሚችል ብታስቡ፣ ነገ የሚባለው ጉዳይ ዛሬ የሚፈጸም ይመስለኛል።

ደብተሩን አልጣልሁትም፤ መጽሐፎቼ መካከል አለ። የሻይ ቤቱን ወሬ በሰማሁ ማታ አወጣሁትና፣ ሳልሞላው በቀረው የነሐሴ መስመር ላይ የጋሼን ስም ጻፍሁበት። በደብተሩ ውስጥ ካለው ሁሉ ትክክል ነው የምለው ያንን አንድ መስመር ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮሌጅ ተማሪ
ከአፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ