አንድ ብርጭቆ ምን አላት?

ሰው ከሰው ጋር ሲበላና ሲጠጣ ደስ ይለዋል። በአገራችንም ሰርግ ቢሆን ክርስትና፣ ምርቃት ቢሆን የሹመት ደስታ፣ ወዳጅ ከወዳጁ የሚገናኘው አንድ ነገር አብሮ ቀምሶ ለመለያየት ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ዛሬ ለአንባብያን ልናነሣው የፈለግነው ግን በዚሁ በመልካሙ ልማድ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር አንድ ጉዳት ነው። ይኸውም በአደጋ ምክንያት አንጎሉ የተጎዳ ሰው በመጠጥ ገበታ ላይ የሚደርስበት ፈተና ነው።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠና ራሱን ክፉኛ ተመታ፤ ለጥቂት ቀናትም ራሱን ሳተ። በሆስፒታል ከሰነበተ በኋላ ዳነ ተብሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። እጁ አልተሰበረም፣ እግሩ አላነከሰም፣ በፊቱም ላይ ጠባሳ አይታይም። ባልደረቦቹ «እንኳን ለዚህ አበቃህ!» ብለው ግብዣ አደረጉለት። ቀድሞ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ በእግሩ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን ግን አንዱን ጠርሙስ ሳይጨርስ ምላሱ ተሳሰረ፤ ድምፁ ከፍ አለ፤ አብልጦ የሚወደውን ጓደኛውን በማይረባ ነገር ሰደበው፤ ሲነሣም ተንገዳገደ። በማግሥቱ የሆነውን ነገር እኩሌታውን አላስታወሰውም። ባልደረቦቹ ግን ሁሉንም አስታውሰው «ይህ ልጅ ከአደጋው ወዲህ ሰካራም ሆኗል» ተባባሉ።

ይህ ወጣት በሐሳብ የፈጠርነው ነው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው እርሱን የሚመስሉ መኖራቸው አያጠራጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በመንገድ አደጋ በያመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞትና ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን የሚሆነው ደግሞ ሳይሞት እንደሚጎዳ አስታውቋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ረገድ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው አደጋ ነው። ከሚተርፉት መካከል ራሳቸውን የተመቱት ብዙ ናቸው። ወጣትነት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የጓደኛና የግብዣ ጊዜ ነው።

ለመሆኑ አንድ ጠርሙስ እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው? የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ለስላሳ አካል ሲሆን፣ በራስ ቅል ውስጥ ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ራስ በኀይል ሲመታ፣ ወይም በፍጥነት ይጓዝ የነበረ ሰው ድንገት ሲቆም፣ አንጎል ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮችም ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሰው ቁጣውን እንዲገታ፣ ከመናገሩ በፊት እንዲያስብ፣ የሥራውንም ውጤት አስቀድሞ እንዲያይ የሚያደርገው ነው። የላይኛው ቁስል በሳምንታት ሲደርቅ የውስጡ ጥገና ግን ወራትን፣ አልፎም ዓመታትን ይፈጃል።

አልኮል ደግሞ ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ነገር ነው። እዚያም የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸውን ንጥረ ነገሮች ያውካል፤ ጋባ የተባለውን የሚያረጋጋውን መልእክተኛ ያበረታል፣ ግሉታሜት የተባለውን የሚያነቃቃውን ያደክማል። ከዚህ የተነሣ ሚዛን ይጠፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ትዝታ ይደበዝዛል፣ ቁጣም ልጓሙን ይጥላል። እነዚህ ሁሉ የራስ ጉዳትም ራሱ የሚያመጣቸው ችግሮች ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል።

ነገሩን በደመወዝ ብንመስለው ይቀላል። ከወር ወጪው የሚተርፈው ሰው ሃምሳ ብር ቢጠፋበት ኑሮው አይናጋም። ደመወዙ በሙሉ ለዕዳ የተመደበበት ሰው ግን ያቺው ሃምሳ ብር ብትጎድልበት ቤቱ ይቸገራል። የተጎዳ አንጎልም እንዲሁ ነው። ጤነኛው ሰው ያለ ሐሳብ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለት ጨዋታ መከተል፣ ስም ማስታወስ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ፣ ተጎጂው የሚፈጽመው ያለ የሌለ ኀይሉን አሟጦ ነው። ትርፍ የለውም። አንዷ ብርጭቆ የምትወስደው ከዚያው ከሌለው ላይ ነው።

አደጋው በዚህም አይወሰንም። ራሱን የተመታ ሰው ከጊዜ በኋላ በሚጥል በሽታ ሊያዝ ይችላል፤ ከባድ መጠጥና ከእርሱ በኋላ የሚመጣው የአልኮል መጉደል ይህን ያባብሳሉ። ለዚሁ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል እንደ ፌኖባርቢታል ያሉት ከአልኮል ጋር ሲገናኙ እንቅልፍን ያከብዳሉ፣ ትንፋሽንም ሊያዳክሙ ይችላሉ። ዛሬ ግብዣ አለብኝ ብሎ ኪኒኑን መዝለል ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የሰከረ ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ የተመታ ራስም ሁለተኛውን ምት እንደ መጀመሪያው አይችለውም። በቤት በተጠመቀ ጠላ፣ በጠጅ ወይም በአረቄ ላይ ኀይሉ ስንት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ስለሌለ «በልኩ እጠጣለሁ» ማለት እንኳ አያመችም። ሐኪሞች ከአንጎል ጉዳት በኋላ አልኮልን ጨርሶ መተው ከሁሉ የሚሻል ነው እያሉ የሚመክሩት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ነገር ግን በየቀኑ ብዙ መጠጣት የለመደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ በዚያው ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ስለሚችል ሐኪሙን አማክሮ ይተው።

አበው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ። በዚህ ተረት የተነሣ ሰው በመጠጥ ላይ የተናገረውን የልቡ እውነት አድርገን እንቆጥራለን። በጤነኛው ሰው ላይ እንኳ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። በተጎዳው ላይ ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። ብቅል ከእርሱ ያወጣው በሆዱ የሸሸገውን ጥላቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ ውስጥ ያለውን ቁስል ነው። ጓደኛውን ስለ ሰደበ ክፉ ልብ አለው ብለን ከፈረድንበት፣ እግሩ የተሰበረውን ሰው ለምን አነከስክ ብለን እንደ መቅጣት ይሆናል።

ጉዳትን ከጠባይ፣ ጠባይንም ከመጠጥ ጋር ማደናገር የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። በሕክምና ታሪክ እጅግ የታወቀውን ፊንያስ ጌጅን እንመልከት። ይህ ሰው በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. መስከረም 13 ቀን፣ በ25 ዓመቱ፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝምና 6 ኪሎ ያህል የሚመዝን ብረት በባሩድ ተፈናጥሮ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ጌጅ ግን አልሞተም። ያከመው ሐኪም ጆን ሃርሎው እንደ ጻፈው፣ አስተዋይ የነበረው ሰው ችኩልና ለሰው የማይጠነቀቅ ሆነ፤ ወዳጆቹም የቀድሞው ጌጅ አይደለም እስከ ማለት ደረሱ፤ አሠሪዎቹም ወደ ቦታው አልመለሱትም። ከዘመናት በኋላ የጻፉ ሰዎች ታሪኩን ሲያስረዝሙ ሰካራም ሆኖ ነበር ብለው ጨመሩበት። ሐኪሙ በጻፈው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጉዳቱ ያደረገውን መጠጥ አደረገው ተብሎ ስሙ ጠፋ።

ከዚሁ ታሪክ የምናገኘው መጽናኛም አለ። ጌጅ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። ይህ ሥራ ሰዓት መጠበቅን፣ ትዕግሥትንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚጠይቅ ነው። ሥርዓት ያለው ኑሮና የሚያሠራው ሰው ሲያገኝ ከጠፋበት ብዙውን ለመመለስ እንደ ቻለ ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ ከአደጋው 11 ዓመት ያህል በኋላ የሚጥል በሽታ ያዘውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ሞተ። የራስ ጉዳት ተፈወሰ ከተባለ ከብዙ ዓመት በኋላም ዕዳውን ሊጠይቅ ይመጣል።

ይህ መደናገር አንዳንድ ጊዜ ነፍስም ያጠፋል። ሐኪሞች የራስ ጉዳትን ክብደት የሚለኩት በሽተኛው ዐይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን አይተው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ የወጣው ከ3 እስከ 15 የሚቆጥረው መለኪያ ይኸው ነው። አልኮል ሦስቱንም ያደበዝዛል። ስለዚህ ከግብዣ ሲመለስ ወድቆ ራሱን የተመታውን ጓደኛ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ብሎ መተው ታላቅ ጥፋት ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከዚህ ሌላ ምንም ሳይጠጣ የሚንገዳገድና ቃል የሚጎተትበት ተጎጂ በመንገድ ላይ ሰካራም ተብሎ ሲሳቅበት ስናይ ዝም አንበል።

አሁን ወደ ገበታችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ እንቢታ ቀላል ነገር አይደለም። አስተናጋጁ «በሞቴ!» ይላል፤ እንግዳው እጁን ከብርጭቆው አፍ ላይ ቢያኖር «አፈር ስሆን!» ይጨመራል፤ በመጨረሻም «አንድ ብርጭቆ ምን አላት?» ይባላል። የሚለምነው ሰው ፍቅሩን መግለጹ ነው። ተለማኙ ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ ጠጥቶ ራሱን ይጎዳል፣ ወይ ስለ አንጎሉ መጎዳት በሰው ሁሉ ፊት ይናገራል። ይህን መናገር ለወጣት ሠራተኛ ቀላል አይደለም፤ አለቃው «እንግዲህ ይህ ሰው ሥራውን ይችል ይሆን?» ብሎ እንዳይጠራጠረው ይፈራልና። ብዙዎች ሁለቱንም ሸሽተው ሦስተኛውን መንገድ ይይዛሉ፤ ከቤት መውጣት ይተዋሉ። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ አንጎላቸውን እንደ ጎዳ፣ የእኛም ልማድ ጓደኞቻቸውን ይወስድባቸዋል።

አንዳንዱ አንባቢ፣ «ታዲያ ስለ አንድ ሰው ብለን ሁላችንም ደስታችንን እንተው?» ይል ይሆናል። አይደለም። የሚጠጣ ይጠጣ፤ የምንለምነው እንቢታ ሳይመረመር እንዲከበር ብቻ ነው። ይህም ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቀድሞዎቹ ባለሟያ ሴቶች ጠጁን ሲጥሉ፣ ለማይጠጣው እንግዳ ሳይፈላ የሚቀርብ ብርዝ ማዘጋጀትን አይረሱም ነበር። ብርዙም በብርሌ ይቀርብ ስለነበር ማን ጠጅ፣ ማን ብርዝ እንደ ያዘ የሚጠይቅ አልነበረም። የእንግዳው ክብር በዚህ ይጠበቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕግ የመጠጥ ቤቱን በር ሊጠብቅ ይችላል፤ «በሞቴ» የሚለውን ወዳጅ የሚገታው ግን የራሱ ማስተዋል ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋባዥ የሆንክ ወንድሜ፣ ጋባዥ የሆንሽ እኅቴ፣ አንድ ጊዜ ጋብዙ፣ እንቢ ሲባል ምክንያት አትጠይቁ። በለስላሳው ወይም በቡናው ውስጥ አረቄ ጠብ አድርጎ መሳቅ ቀልድ ሳይሆን በደል ነው። አለቃ የሆንህ እንደ ሆነ፣ የሥራ ጉዳይ በመጠጥ ቤት ከሚጨረስ በጽሕፈት ቤት ይለቅ። ጫጫታና ብርሃን የበዛበት የማታ ግብዣ ለተጎዳ አንጎል ራሱ ድካም ነውና፣ ጓደኛችሁን በጧት፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ለቡና ጥሩት፤ ቀደም ብሎ ሲነሣም አትያዙት።

ጉዳቱ የደረሰብህ አንተ ደግሞ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» የምትል አጭር መልስ አዘጋጅተህ ሂድ፤ ከዚያ በላይ ለማንም ዕዳ የለብህም። የምታምነውን አንድ ጓደኛ እውነቱን ንገረውና ከአጠገብህ ይቀመጥ። ከሁሉ ይልቅ ግን መጠጡን ተው እንጂ ሰዎቹን አትተው።

እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ምን አላት? ለአንዱ ሰው ምንም ላይኖራት ይችላል። ለሌላው ግን ሥራውን፣ ጤናውንና ወዳጁን የምታሳጣ ልትሆን ትችላለች። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ፊቱን አይተን ማወቅ አንችልም። በመጪው ግብዣ ከአጠገባችን የተቀመጠው ሰው እጁን ከብርጭቆው አፍ ላይ ሲያኖር፣ ጠርሙሱን መልሰን ጨዋታውን እንቀጥል።