ያልፈተሸ አያጣድፍ!

በግቢያችን አንድ በሽታ ገብቷል። ስሙ «ያውጡትና እናየዋለን» ይባላል። ሶፍትዌር በነጻ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አዲስ እትም ባዘገዩ ቁጥር በሽታው በካፊቴሪያም በመኝታ ክፍልም ይነሣል። «ምን ያስተኛቸዋል? ሌላው አውጥቶ የለም እንዴ!» ይባላል። የሚጮኸው ማን ነው? አንዲት መስመር ያልጻፈ፣ አንዲት ስህተት ያላመለከተ፣ የሙከራውን እትም በዓይኑ እንኳ ያላየ ተጠቃሚ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጯሂ መልስ ነው። ከጯሂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩና ግለ ሂስም ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል ነው። ብዙው ከሥራና ከትምህርት በተረፈ ሰዓት፣ ያለ ደመወዝ ይሠራል። ታዲያ «ኮዱ ክፍት ከሆነ ስንቱ ያየዋል፤ ስህተት የት ይደበቃል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ክፍት መሆንና መነበብ ግን ለየቅል ናቸው። ቤተ መጻሕፍታችንም ክፍት ነው፤ አቧራ የጠጡትን መጻሕፍት ማን ገለጣቸው? ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚጠብቅ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 በወጣው እትሙ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ገባ፤ በኋላ «ሃርትብሊድ» የተባለው ነው። እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ክፍት ኮድ ውስጥ በአደባባይ ተቀምጦ ኖረ። ዓይን አልጠፋም፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ እንጂ።

የችኮላን ነገር ያስተማረን ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነው ነው። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል ማመቂያ መሣሪያ አለች፤ በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ትገኛለች። ለዓመታት የተንከባከባት በዋነኛነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2022 ማንነታቸው በማይታወቅ ስሞች የሚጽፉ ሰዎች ተነሡበት። ሥራው እንደዘገየ፣ ለሌላ ሰው ቢያስረክብ እንደሚሻል እየደጋገሙ ወተወቱት። ሰውየው ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ቢያስታውሳቸውም አልተውትም። በመጨረሻ «ጂያ ታን» በሚል ስም ጠቃሚ እርማት ሲልክ የቆየ ሰው የሥራው ተካፋይ ሆነ። በፌብሩዋሪና በማርች 2024 የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች የጓሮ በር ይዘው ወጡ፤ ማለትም ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባበት ሥውር መግቢያ።

የት ተደብቆ ነበር? ለፍተሻ ተብለው በተቀመጡት የሙከራ ፋይሎች ውስጥ! ሥራ የሚያስጀምረው ክፍል ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለሥርጭት በታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፍ ነበር። እሱ ምክንያቱን ተከትሎ ሄደና ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም ገለጠው።

እዚህ ላይ የዴቢያንን ወግ እንይ። ዴቢያን በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚያዘጋጁት የሊኑክስ ሥርጭት ነው። ሦስት ደጆች አሉት፤ ያልረጋ፣ የሙከራና የረጋ። አንድ ጥቅል ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር የተወሰኑ ቀናት ይቆያል፤ አዲስ ከባድ ስህተት ከተገኘበት አያልፍም። የእትሙ ጊዜ ሲቃረብ በሩ ይዘጋል፤ አዲስ ነገር መጨመር ቀርቶ ያለውን ማረም ብቻ ይሆናል። የተመረዘችው ኤክስዜድ ሁለቱን ደጆች አልፋ ነበር። ሦስተኛው ላይ፣ ብዙው ሕዝብ የሚጠቀምበት ላይ ሳትደርስ ተያዘች። ቶሎ ትግባ እያሉ ሲወተውቱ የነበሩት እነማን ነበሩ? ያው የመረዟት ወገኖች! የእኛ ጩኸት ለማን እንደሚመች ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻም።

«ስለዚህ መዘግየት ሁሉ ጥበብ ነው ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ራሱ ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2002 እስከ ጁን 2005፣ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አዲስ የረጋ እትም ሳያወጣ ቀርቶ ተጠቃሚውን አሰልችቷል። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ እያስታወቀ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ያወጣል። ቀኑ ከታወቀ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። በሩ በተዘጋባቸው ወራት የት ነበርን? ደቦ ላይ አረም ሲታረም ያልታየ ሰው አውድማ ላይ ቀድሞ ሲገኝ ምን ይባላል?

የራሴን ልናገር። ባለፈው ሴሚስተር የሴሚናር ጽሑፌን የምጽፍበት ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም አዲስ እትም አወጣ። በወጣበት ዕለት ጫንኩት። ማታ ስከፍተው አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ እየተነጠለ የቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ጉብ ብሏል። 30 ገጽ ሙሉ! ሳስተካክልም ሠሪዎቹን ስረግምም ነጋ። ጠዋት ልወቅሳቸው የስህተት መዝገባቸውን ከፈትኩ። ለካስ የሙከራው እትም ለሳምንታት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቆይቷል። የሌላው አገር ሰው የየቋንቋውን ጉድለት አስመዝግቧል። ስለ አማርኛ የጻፈ አንድም ሰው የለም። ማንን ልውቀስ?

«እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ኮድ ምን አገባኝ» ማለት ሽሽት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ፊደሉ ገባ ማለት ግን መስመሩ በትክክል ተቆረጠ፣ መዝገበ ቃላቱ በሀሁ ተራ ተደረደረ ማለት አይደለም። አራት ነጥብ መስመር እንደማይጀምር አማርኛ የማያነብ ሠሪ ከየት ያውቀዋል? ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ማንበብ ነው፤ ማንበብ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው የሙከራ ወቅት ከየዶርሙ ሁለት ሁለት ሰው ይነሣ። የሙከራውን እትም ይጫን፤ ያለ ቅጂ የተቀመጠ ጽሑፍ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ግን አይሁን። አንድ ገጽ አማርኛ ይጻፍበት፣ ይታተም፣ ይነበብ። የተበላሸውን ሲያመለክት የእትሙን ቁጥር፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ ለይቶ ይጻፍ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ መላክ ስድብ እንጂ ጥቆማ አይደለም። እኔ አራት መስመር ጽፌ ላክሁ፤ በተከታዩ ንዑስ እትም ታረመ። አራት መስመር! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙን ለአንድ ደካማ ጫንቃ ትቶ ከኋላ «ፍጠን» የሚል ተማሪ ራሱን ተራማጅ ብሎ አይጥራ።