የዙፋን ዕድሜና የሕዝብ በዓል

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚያወርደው አስጋሪ የዕለት ሥራውን የሚለካው ባወጣው ዓሣ እንጂ በጀልባው ዕድሜ አይደለም። ገዥዎች ግን ዘመናቸውን የሚያስለኩት በቆዩበት ዓመት ብዛት ነው። የ1948 ዓ.ም. የብር ኢዮቤልዩ ሥዕሎችን እያዩ «በዓል እንዲያ ነበር» የሚሉ ወገኖች ስላሉ፣ ይህን ልዩነት ዛሬም ማንሣት ግድ ይላል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የደፉት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር። በ1948 ዓ.ም. 25ኛው ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመው ቴአትር ተመረቀ፤ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው የአንበሳ ሐውልትም ቆመ። ነገር ግን እልል ከተባለላቸው ከነዚያ 25 ዓመታት መካከል አምስቱ ጠላት አገር የያዘባቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በስደት፣ አርበኛው በዱር በገደል የነበሩባቸው ናቸው። የዙፋን አቆጣጠር የስደቱን ዓመት ከተጋድሎው ዓመት አይለይም፤ ሁሉንም ለባለ ዘውዱ ይመዘግባል።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታወጀውም በዚያው በበዓሉ ሰሞን ነው። እርግጥ ነው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቅዷል። ዳሩ ግን የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ አድርጎ ደነገገ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ያረጀ ብሂል አንቀጽ ሆኖ ለሕዝብ በስጦታ መልክ ቀረበ።

ኪነ ጥበብ በዚያ በዓል የነበራትን ስፍራ ማጤን በተለይ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ይጠቅማል። ለቴአትሩ ምረቃ የቀረበው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚተርከው፣ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ለሞት የላከ ንጉሥ ነው፤ ነቢዩ ናታንም ፊት ለፊት ገሥፆታል። እንዲህ ያለው ታሪክ ንጉሥ በሚወደስበት ሰሞን መድረክ ላይ ወጣ። ከአዳራሹ ውጭ ግን ለናታን የተዘጋጀ ወንበር አልነበረም።

ኢዮቤልዩው ካለፈ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1950 ዓ.ም. ትግራይን ረሃብ መታት። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል ተከበረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወሎ በረሃብ ታመሰች፤ መንግሥትም እልቂቱን ሸሸገ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የገዛ ድግሳቸው ምስክር ሆነባቸው።

ሆኖም ክሳችን በዘውዱ ላይ ብቻ ካቆመ ግማሽ እውነት ነው። ያንን ፊልም ለሕዝብ ያሳየው ደርግ ራሱ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድምቀት አከበረ። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በዚያው ወቅት በኮረምና በመቀሌ መጠለያዎች ሕፃናት በየቀኑ ይረግፉ ነበር። ዘውዱ ወልቋል፤ የዙፋን አቆጣጠሩ ግን አልወለቀም። ለሁለቱም በዓላት ሥዕሉን የሣልን፣ መዝሙሩን ያቀናበርን፣ ሰልፉን ያሳመርን እኛው የኪነ ጥበብ ሰዎች መሆናችንም ሊሰመርበት ይገባል።

«ቢሆንም ቴአትሩ ቀርቶልናል» የሚል መልስ ይሰማል። በእርግጥ ቀርቷል። ብሔራዊ ያደረገው ግን በመድረኩ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ተዋናይ፣ ሙዚቀኛና ተመልካች ነው። ሕዝብ ቴአትር ቤት ለማግኘት የንጉሥ ኢዮቤልዩ መጠበቅ ነበረበትን?

ገዥ ያላዘዘው በዓል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚሁ በሐዋሳ፣ በጉዱማሌ፣ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን ያከብራል። ቀኑን የሚለዩት ከዋክብትን የሚመለከቱ አያንቱዎች ናቸው። ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ምኞት ይገልጻሉ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ሽማግሌዎች ሥራን ያከብራሉ፤ ስንፍናን፣ ሐሰተኛ ምስክርነትንና ዛፍ መቁረጥን ያወግዛሉ። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓሉን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የማንንም የሥልጣን ዘመን አልቆጠረም። የባለሥልጣን ምስል ከሽማግሌው ምርቃት የሚቀድምበት ቀን ከመጣ ግን ይህም በዓል ኢዮቤልዩ ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩ የ1948ን ሥዕል ለተማሪው ሲያሳይ የ1950ን ረሃብ ከጎኑ ያስቀምጥ። ካድሬው የበዓል በጀት ከማቅረቡ በፊት በዚያ ገንዘብ ስንት ጎተራ እንደሚሞላ ያስላ። ከያኒው ደግሞ ለማንኛውም በዓል ብዕሩንና ብሩሹን ሲያነሣ የናታንን ድርሻ ከድርሰቱ አይሰርዝ፤ ሠርዝ ቢባልም እምቢ ይበል።